የቤት ኢንሹራንስ ከየት መጣ? ከለንደን ቃጠሎ እስከ ናሃሪያ ጎርፍ



በአገራችን ክረምት የሚባለው ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ነው። እዚህ እስራኤል ግን ዝናቡ የሚጀምረው ከሱኮት በዓል ወዲያ ሲሆን፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ይበረታል። በእነዚህ ወራት ወደ ማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ከሚመጡት ቤተሰቦች ብዙዎቹ በእጃቸው ሁለት ነገር ይዘው ይመጣሉ፤ የረጠበ ግድግዳ ፎቶግራፍና በዕብራይስጥ የተጻፈ ደብዳቤ። ደብዳቤው ከኢንሹራንስ ድርጅት የተላከ ሲሆን፣ የደረሰው ጉዳት በውሉ ውስጥ እንደማይገባ ይገልጻል። ቤተሰቡ ግን ቤቱን ከገዛበት ቀን ጀምሮ በየወሩ ሳያቋርጥ ከፍሏል። «ቢቱዋሕ አለን፣ ባንኩ ይዞልናል» እያለ ተማምኖ ኖሯል።

ለእነዚህ ቤተሰቦች ደንቡን ብቻ ማስረዳት በቂ ሆኖ አላገኘሁትም። በኢንሹራንስ ውል ላይ ያለው እያንዳንዱ መስመር የተጻፈው አንድ ቦታ የሰዎች ቤት ከተቃጠለ ወይም ውኃ ከወሰደው በኋላ ነው። ስለዚህ ታሪኩን የሚያውቅ ሰው፣ ውሉ ምን እንደሚከፍልና ምን እንደማይከፍል ለመረዳት ይቀለዋል ብዬ አምናለሁ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከራሳችን እንጀምር። በጎንደር መንደሮች ቤት የሚሠራው በእንጨት፣ በጭቃና በሣር ክዳን ነበር። ከምድጃ በወጣ ብልጭታ ወይም በመብረቅ እሳት ሲነሣ ጎጆው ወዲያው አመድ ይሆናል። በማግሥቱ ግን መንደሩ ይሰበሰባል። አንዱ ማገር፣ አንዱ ልጥ፣ ሌላው ሸክም ሣር ይዞ ይመጣል፤ ሴቶች እንጀራውንና ጠላውን ያቀርባሉ። ይህ ደቦ ነው። ውል የፈረመ ሰው የለም። ሆኖም ዛሬ ለጎረቤቱ ሣር ያልተሸከመ ሰው፣ ነገ የራሱ ቤት ሲቃጠል ማን እንደሚመጣለት ያውቀዋል። ሥራን በተራ የሚመላለሱበት ወንፈልም ከዚህ የራቀ አልነበረም።

ደቦ የማይችለው ነገር ግን ነበረ። አንድ ቤት ሲቃጠል የቀሩት ቤቶች ይረዳሉ። ዝናብ ቀርቶ የሁሉም እርሻ በአንድ ዓመት ሲደርቅ ግን ረጂና ተረጂ አንድ ይሆናሉ። የ1984ን እና የ1985ን ድርቅ ያዩ ሽማግሌዎቻችን ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

አሁን ወደ እንግሊዝ አገር እንሂድ፤ ዛሬ የምናውቀው የቤት ኢንሹራንስ ብዙ ነገሩን የወሰደው ከዚያ ነውና። በ1666 ሴፕቴምበር 2 ቀን በለንደን ከተማ፣ ፑዲንግ ሌን በሚባል ጠባብ መንገድ፣ ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ቤት እሳት ተነሣ። ቤቶቹ በአብዛኛው የእንጨት ስለነበሩና እርስ በርስ ስለተጠጉ እሳቱ አራት ቀን ያህል ነደደ። ሲቆም 13,200 ቤቶችና 87 አብያተ ክርስቲያናት ጠፍተው ነበር። ያን ጊዜ የመርከብና የጭነት ኢንሹራንስ በነጋዴዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ለቤት ግን በከተማዋ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም።

ከቃጠሎው በኋላ የመጣው ችግር ለእኛ ቅርብ ነው። ብዙ ተከራዮች በፈረሙት ውል መሠረት ቤቱን የማደስም ሆነ ኪራዩን የመክፈል ግዴታ ነበረባቸው። ቤቱ አመድ ሆኗል፤ ግዴታው ግን አለ። ይህን ለመዳኘት ልዩ ፍርድ ቤት አቋቁመው፣ ማን ምን ያህል እንደሚሸከም በየጉዳዩ ወሰኑ። ማሽካንታ ያለበት ሰው ይህን በደንብ ይረዳዋል፤ ቤት ይቃጠላል፣ ዕዳ ግን አይቃጠልም።

ከ1680ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ኒኮላስ ባርቦን የተባለ ሰው በዚያችው ከተማ የቤት ቃጠሎ ኢንሹራንስ መሸጥ ጀመረ። ሰውዬው በትምህርቱ ሐኪም፣ በሥራው ግን ቤት ሠሪ ነጋዴ ነበር። ዋጋው ለጡብ ቤት ከዓመቱ ኪራይ ሁለት ከግማሽ በመቶ፣ ለእንጨት ቤት አምስት በመቶ ነበር። የእንጨት ቤት ያለው ሰው እጥፍ ይከፍላል ማለት ነው። የከተማዋ ሕግም ከ1667 ጀምሮ አዲስ ቤት በጡብ ወይም በድንጋይ እንዲሠራ ያዝ ስለነበር፣ ሕጉና ዋጋው አንድ ላይ ሆነው ሰዎችን እሳት ወደማይደፍረው ቤት ገፏቸው። ድርጅቶቹ የራሳቸውን እሳት አጥፊዎች ቀጠሩ፤ ዋስትና በገባው ቤት ግድግዳ ላይም ምልክት ያለበት የብረት ሰሌዳ ይለጥፉ ነበር። እነዚህ ሰሌዳዎች እስከ ዛሬ በአንዳንድ አሮጌ ቤቶች ላይ ይታያሉ።

እንግዲህ ይህ ነገር የደቦ ዘመድ ነው። ሣሩ በገንዘብ ተለወጠ፤ ጎረቤቱም የማናውቀው ብዙ ሺህ ሰው ሆነ። በደቦ ግን ሰውዬውን ያውቁታል፣ ያዝኑለታል። በኢንሹራንስ የሚያውቁት ወረቀቱን ነው። በጽሑፉ ላይ ያለ ይከፈላል፤ የሌለ አይከፈልም። ወገኖቻችን በብዛት የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ችግራችንን ካስረዳን የሚረዱን ይመስለናል።

ወደ ደቦ ድካም እንመለስ። ቤቶች በየተራ ሲቃጠሉ የብዙው መዋጮ ለጥቂቱ ይበቃል። ወንዝ ሞልቶ አገር ሲያጥለቀልቅ ግን ሁሉም በአንድ ቀን ከፋይ መሆኑ ቀርቶ ተቀባይ ይሆናል። በአሜሪካ በ1927 የሚሲሲፒ ወንዝ ከዳሩ ወጥቶ 70 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ መሬት ሸፈነ፤ ከ600 ሺህ በላይ ሰዎችም ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ከዚያ በኋላ የግል ኢንሹራንስ ድርጅቶች ጎርፍን ከቤት ውል ውስጥ አወጡት። በ1968 የአሜሪካ መንግሥት የጎርፍ ኢንሹራንስን በራሱ ፕሮግራም እስኪያቋቁም ድረስ፣ በወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ለእሳት ዋስትና ነበረው፣ ለውኃ ግን አልነበረውም።

ነፋስም የራሱን ጊዜ ጠበቀ። በ1992 ኦገስት 24 ቀን አንድሩ የተባለ ከባድ አውሎ ነፋስ ደቡብ ፍሎሪዳን መታ። የኢንሹራንስ ድርጅቶች የከፈሉት ከ15 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን፣ በርካታ ድርጅቶች መክፈል አቅቷቸው ከሰሩ። የወደቁትን ቤቶች የመረመሩ ባለሙያዎች ብዙ ጣሪያዎች በሚገባ እንዳልተቸነከሩ አገኙ። ከዚያ ወዲህ በፍሎሪዳ የግንባታ ሕጉ ጠበቀ፤ የኢንሹራንስ ዋጋም ወጣ፤ በአውሎ ነፋስ ጊዜ ባለቤቱ ከኪሱ የሚሸፍነው ድርሻም ከፍ አለ።

በ2005 ኦገስት 29 ቀን ደግሞ ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ መጣ። በኒው ኦርሊንስ የውኃ መከላከያ ግድቦች ተሰብረው ከከተማዋ 80 በመቶ ያህሉ በውኃ ተሸፈነ። በአጠገቧ ባለው በሚሲሲፒ ባሕር ዳርቻ ከብዙ ቤቶች የቀረው የሲሚንቶ ወለሉ ብቻ ነበር። ከዚያም በነፋስና በውኃ መካከል ክርክር ተነሣ። ቤቱን ነፋስ አፍርሶት ከሆነ ድርጅቱ ይከፍላል፤ ባሕሩ ወስዶት ከሆነ አይከፍልም። የቆመ ግድግዳ በሌለበት ቦታ ይህን ማን ያረጋግጣል? ብዙ ቤተሰቦች በዚህች አንዲት ቃል ምክንያት ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ዓመታት አለፉባቸው።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት እዚህ አገር በእጃችን ያለውን ውል ለማንበብ እንዲረዳን ነው።

በእስራኤል የቤት ጉዳት የሚካስባቸው ሁለት የተለያዩ በሮች አሉ። ብዙዎቻችን እናደባልቃቸዋለን። የመጀመሪያው በ1961 የወጣው የንብረት ግብርና የካሣ ፈንድ ሕግ ነው፤ ሰዎች «ማስ ረኹሽ» ይሉታል። በዚህ ሕግ መሠረት ጦርነት ወይም የሽብር ጥቃት ቤትን ቢያበላሽ፣ ባለቤቱ ኢንሹራንስ ባይኖረውም መንግሥት ይከፍላል። ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 ወዲህ በአሽቀሎንና በሌሎች ከተሞች ሮኬት የመታባቸው ቤተሰቦች የሄዱት በዚህ በር ነው። «ለሮኬቱ መንግሥት ከከፈለ ለዝናቡስ ለምን አይከፍልም?» ብለው የጠየቁኝ አሉ። ለተራ ዝናብ፣ ለነፋስና ለእሳት ያለው በር ሁለተኛው ነው፤ እሱም እናንተው ከግል ድርጅት የምትገዙት ኢንሹራንስ ነው።

በዚህ በሁለተኛው በር ሁለት ዓመታት መታወስ አለባቸው። በ1981 የኢንሹራንስ ውል ሕግ ወጣ። ሕጉ የድርጅቱን ኃላፊነት የሚቀንስ ቃል በውሉ ውስጥ ከጉዳዩ አጠገብ እንዲጻፍ ወይም በጉልህ እንዲታይ ያዛል፤ በደቃቅ ፊደል ተደብቆ መቀመጥ የለበትም። በ1986 ደግሞ ለመኖሪያ ቤትና ለቤት ዕቃ መደበኛ የውል ጽሑፍ በደንብ ተደነገገ። ድርጅቶች ከዚያ ጽሑፍ መለየት የሚችሉት በመሠረቱ ለደንበኛው በሚጠቅም መንገድ ነው።

መደበኛው ጽሑፍ ስለ አየር ጠባይ የሚለውን ረጋ ብለን እንመልከት። እሳትና መብረቅ ይገባሉ። ከውጭ የመጣ ጎርፍም ይገባል፤ በዚህ በኩል ከአሜሪካኖቹ የተሻለ ዕድል አለን። ከመሬት ሥር ከፍ ብሎ የሚወጣ ውኃ ግን አይገባም። ማዕበል ነፋስና በዚያን ጊዜ የወረደ ዝናብ፣ በረዶም ጭምር ይገባሉ። ነገር ግን ማዕበል የሚባለው ማንኛውም ነፋስ አይደለም፤ ፍጥነቱ ከ30 ኖት በላይ መሆን አለበት፤ ይህም በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀጥሎ ያለውን ደግሞ ሁለት ጊዜ አንብቡት። በግድግዳ ወይም በጣሪያ ውስጥ ሰርጎ የገባ የዝናብ ውኃ ያደረሰው ጉዳት ከዋስትናው ውጭ ነው።

ይህች መስመር ለምን ለእኛ ሰው ከሌላው ይልቅ እንደምትከብድ ለመረዳት ወደ 1990ዎቹ እንመለስ። በሰሎሞን ዘመቻ፣ በ1991 ሜይ 24 እና 25፣ ከ14 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ገቡ። ቀጥሎ የመጣው የ1991–92 ክረምት በዚህ አገር ታሪክ እጅግ ዝናባማ ከተባሉት አንዱ ነበር፤ በኢየሩሳሌም በረዶ ወረደ፣ ኪኔሬት ሞልቶም የደጋንያ ግድብ ተከፈተ። ያን ክረምት ብዙዎቹ በሆቴልና በመርካዝ ክሊታ አሳለፉት። ከዚያ በኋላ ሁልዳን፣ ሐጽሮት ያሳፍንና ግቭዓት ሃማቶስን ወደመሳሰሉ የክራቫን ሰፈሮች ተዛወሩ። ያኔ የነበሩ እናቶች ዝናቡ የክራቫኑን ጣሪያ ሲደበድብ ልጅ ማስተኛት እንዴት ያስቸግር እንደነበር ይናገራሉ። ክራቫኑ ግን የመንግሥት ነበር፤ ቢያፈስ የሚጠይቁት መንግሥትን ነው።

በ1993 ለኢትዮጵያ ዖሊም ልዩ የማሽካንታ ዕቅድ ወጣና ብዙ ሺህ ቤተሰብ ከክራቫን ወጥቶ የራሱን ቤት ገዛ። ትልቅ ነገር ነበር። ሆኖም ገንዘቡ የሚበቃው በአብዛኛው በቆዩ ሰፈሮች፣ በአሮጌ ብሎኮች ውስጥ ላሉ ቤቶች ነበር፤ በሬሖቮት ቅርያት ሞሼ፣ በነታንያ፣ በሐዴራ፣ በቅርያት ማላኺና በመሳሰሉት። ጠፍጣፋ ጣሪያ ያላቸውና ለዓመታት ዝፍት ያልነካቸው ሕንፃዎች ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለ ሕንፃ ላይ የሚወርድ ዝናብ የሚገባው በማዕበል ሳይሆን ቀስ ብሎ፣ በስንጥቅ ነው። ከዋስትናው ውጭ የሆነው ደግሞ ይኸው ነው።

አንዲት የሦስት ልጆች እናት በመጨረሻው ፎቅ ላይ ትኖራለች። ባለፉት ዓመታት በአንዱ ክረምት የልጆቹ ክፍል ጣሪያ አብጦ ውኃው አልጋ ላይ ወረደ፤ ፍራሽ፣ ልብስና የትምህርት ቤት መጻሕፍት ተበላሹ። ድርጅቱ ሻማይ ላከ፤ ይህም ጉዳቱን የሚገምት ባለሙያ ነው። መልሱ ሁለት «አይሆንም» ነበረው። አንደኛ፣ ውኃው በጣሪያው ሰርጎ የገባ ነው። ሁለተኛ፣ ቤተሰቡ ያለው ኢንሹራንስ የሚብኔ፣ ማለት የሕንፃው እንጂ የትኹላ፣ ማለት የዕቃው አይደለም። እሷም ደብዳቤውን ሳነብላት «ዝናቡ ከሰማይ አልመጣም ወይ?» አለችኝ።

ሁለተኛውን መልስ በደንብ ላስረዳ። ባንክ ለቤት መግዣ ሲያበድር ቤቱን መያዣ ያደርጋል። ቤቱ ቢጠፋ መያዣው ስለሚጠፋ፣ ተበዳሪው ለሕንፃው ኢንሹራንስ እንዲገባ ያስገድዳል፤ ቤቱ ቢወድም በገንዘቡ ላይ ቀዳሚ መብት ያለውም ራሱ ነው። ስለዚህ «ባንኩ ይዞልናል» የምንለው ኢንሹራንስ ግድግዳውን ለባንኩ የሚጠብቅ ነው። ፍሪጁ፣ አልጋው፣ ቴሌቪዥኑና የልጆቹ ልብስ ባንኩን አይመለከተውም። እኔ በበኩሌ ባንኩ ገንዘቡን በመጠበቁ አልወቅሰውም። የሚያሳዝነኝ በፊርማው ቀን በአንድ ከሰዓት በኋላ ያን ሁሉ የዕብራይስጥ ወረቀት ለቤተሰቡ የሚያስረዳ ሰው አለመኖሩ ነው። ኢንሹራንሱንም ከባንኩ ወኪል ብቻ መግዛት ግዴታ አይደለም፤ ሌላ ቦታ ጠይቃችሁ፣ ዋጋ አወዳድራችሁ ማምጣት ትችላላችሁ።

ስለ መጀመሪያው መልስ ደግሞ የጋራ ሕንፃ ጣሪያ የሁሉም ነዋሪ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። በ1969 የወጣው የመሬት ሕግ የጋራ ንብረትን በሚገባ ለማቆየት የሚወጣውን ወጪ ባለቤቶች ሁሉ እንዲካፈሉ ያዛል። የመጨረሻው ፎቅ ነዋሪ ብቻውን የሚሸከመው ዕዳ አይደለም፤ የምድር ቤቱም ይከፍላል። ቫአድ ባይት አልሰበሰብም ቢል ጉዳዩን ለጋራ ሕንፃዎች ዳኛ ማቅረብ ይቻላል። ነገሩ ጎረቤትን ስለሚያቀያይም ወገኖቻችን ይሸሹታል። ይሁን እንጂ ጣሪያን በጋራ መጠገን ከደቦ ምን ይለየዋል?

አየሩም እንደ ድሮው አይደለም። ከ1950 እስከ 2017 ድረስ የእስራኤል አማካይ ሙቀት በ1.4 ዲግሪ ገደማ ጨምሯል። አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት መያዝ ይችላል፤ የያዘውንም አንዳንዴ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያወርደዋል። በ2020 ጃኑዋሪ 4 ቀን በቴል አቪቭ ሃቲክቫ ሰፈር፣ በሕንፃ ሥር ባለ የመኪና ማቆሚያ፣ ሁለት ወጣቶች ሊፍት ውስጥ እንዳሉ ውኃ ሞልቶባቸው ሞቱ። ከአራት ቀን በኋላ የናሃሪያ ከተማ መሐል በጎርፍ ተዋጠ፤ ሌሎችን ሊያድን የገባ ሰው በዚያው ቀረ።

በደረቁ ወራት ደግሞ እሳት አለ። በዲሴምበር 2010 የካርሜል ቃጠሎ 44 ሰዎችን ገደለ፤ ብዙ የኢትዮጵያ ልጆች ያደጉበት የየሚን ኦርድ የወጣቶች መንደርም ብዙ ቤቶቹ ተቃጠሉ። በኖቬምበር 2016 በሃይፋ 60 ሺህ ያህል ሰዎች ከቤታቸው እንዲወጡ ተደረገ። ያኔ ለቤተሰቦች ትልቁ ጥያቄ እሳቱን ማን ለኮሰው የሚል ነበር። ጠላት ሆን ብሎ የለኮሰው ከሆነ የማስ ረኹሽ በር ይከፈታል፤ ካልሆነ ኢንሹራንስ የሌለው ሰው የሚያንኳኳው በር አይኖረውም። በካትሪና ጊዜ ነፋስ ነው ወይስ ውኃ ከተባለው ክርክር ጋር የሚመሳሰል ነው።

እንግዲህ ውላችሁን አውጥታችሁ እዩት። ሚብኔ ብቻ ነው ወይስ ትኹላም አለበት? ተከራይ ከሆናችሁ የአከራያችሁ ኢንሹራንስ የእናንተን ዕቃ አይሸፍንም፤ የዕቃ ኢንሹራንስ ለብቻው መግዛት ትችላላችሁ። ዋጋ እንዲረክስ ብላችሁ የዕቃችሁን ግምት ዝቅ አታድርጉ። ለምሳሌ 100 ሺህ ሼቄል የሚያወጣ ዕቃ 50 ሺህ ነው ብላችሁ ካስመዘገባችሁና የ20 ሺህ ጉዳት ከደረሰ፣ ድርጅቱ 10 ሺህ ብቻ ሊከፍል ይችላል፤ ሕጉ ይፈቅድለታል። ከዚያም ላይ ሂሽታትፉት ዓጽሚት የሚባለውን፣ ከኪሳችሁ የምትሸፍኑትን ድርሻ ይቀንሳል። ጉዳት ሲደርስ ወዲያው አስታውቁ። ክርክር የሌለበት ገንዘብ ጥያቄው በቀረበ በ30 ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። ድርጅቱ እምቢ ካለ፣ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ለመክሰስ ያላችሁ ጊዜ ሦስት ዓመት ነው። ከድርጅቱ ጋር ደብዳቤ ስለተጻጻፋችሁ ብቻ ይህ ጊዜ አይቆምም።

ጣሪያውን የምታሳዩት ከሱኮት በፊት ይሁን፤ ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ጠጋኝ ማግኘት ያስቸግራል። የውኃ መውረጃውን ቅጠልና ቆሻሻ እንዳይዘጋው ጥረጉት፤ የዱድ ሼሜሹን ማሰሪያም እዩት። ሥራው ሲያልቅ ጣሪያውን ፎቶግራፍ አንሡና ከደረሰኙ ጋር ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡ። ሻማይ ሲመጣ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ጣሪያው ከጉዳቱ በፊት እንዴት እንደነበረ ነው።